ስልሳ ሁለት የተጠረጠሩ መስመሮች

ማሽን አላምንም። ሰውም አላምንም፤ ሰው ሲዋሽ ግን ቢያንስ ዓይኑን ታየዋለህ። ኢንጂነሯ ላፕቶፗን ከፍታ ያንን ጥቁር መስኮት ስታወጣ የሚታይ ዓይን የለም። ጥቁር ነው፣ በላዩ ነጭ ፊደል፣ አለቀ። አንድ መስመር ትጽፋለች። መጀመሪያ ስክሪፕት የምትለውን፣ ኮምፒውተሩን የሚያዝዘውን ጽሑፍ ስም፣ ቀጥሎ የእኔ ቁጥሮች ያሉበትን የፋይል ስም። ከዚያ አንዷን ቁልፍ ትጫናለች። አሥራ አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ተንጠልጥዬ የለካሁትን አንድ ትንፋሽ በማይሞላ ጊዜ ውጦ መልሱን ይተፋዋል።

እንደዚህ የሚፈጥን ነገር ምን አይቶ ነው የሚመልሰው? ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይህን ጠይቄያለሁ። ማንም አልመለሰልኝም።

የምንሠራው ጀበል ኩጁር አጠገብ ያለ የድንጋይ ካባ ውስጥ ነው። ካባው ጁባ ላይ መንገድ ለሚሠሩት ጠጠር ያቀርባል። ትልቅ የድንጋይ ግድግዳ አለ፤ ከሥሩ ድንጋዩን የሚፈጨው ክሬሸር ቆሟል፤ ክሬሸሩ ሥር ሰዎች አሉ። ድንጋይ ደግሞ እንዲሁ በዘፈቀደ አይሰነጠቅም። ስንጥቆች በቤተሰብ በቤተሰብ ነው የሚሄዱት፤ የአንዱ ቤተሰብ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ያዘነብላሉ። ወደ ተራራው ካዘነበሉ ደህና። ወደ ክሬሸሩ ካዘነበሉ ግን ድማሚቱ ሲመታ ድንጋዩ ተንሸራቶ የሚወርደው ሰው ላይ ነው። ስለዚህ ከየትኛው ጎን እንደሚፈነዳ ከመወሰኑ በፊት አንድ ሰው ግድግዳው ላይ ወጥቶ ስንጥቆቹን መለካት አለበት። ያ ሰው እኔ ነኝ። ለእያንዳንዱ ስንጥቅ በኮምፓስ ለክቼ ሁለት ቁጥር ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፤ አንዱ ወዴት እንደሚያዘነብል፣ ሁለተኛው ምን ያህል እንደሚያዘነብል። የለካሁት ስንጥቅ አጠገብ በቀይ ቀለም ተራ ቁጥሩን እጽፋለሁ፣ ተመልሶ የሚመጣ ሰው እንዳይጠፋበት።

አንድ ሰኞ ጠዋት ኢንጂነሯ ቢሮ ወደምንለው ኮንቴይነር አስጠራችኝ። ከአዲስ አበባ የመጣች ናት፤ ልጄ ብትሆን አይገርምም። ሥራ አስኪያጁም ነበር፤ እሱም የአገር ልጅ ነው፣ ሲናገር ግን አይመስልም።

«ጋሼ፣ ይሄን አንዴ ይመልከቱልኝ» አለች።

ስክሪፕቱ አንድ ክብ ሥሏል። እያንዳንዷ ስንጥቅ በክቡ ውስጥ አንዲት ነጥብ ናት፤ የአንድ ቤተሰብ ስንጥቆች ነጥቦቻቸው አንድ ቦታ ይከማቻሉ። ሦስት ክምር ይታያል። ያ ትክክል ነው፣ ዓይኔም የሚያውቀው ሦስት ቤተሰብ ነው። ግን ከክምሮቹ ውጭ ብዙ ነጥቦች እንደ ተደፋ ምስር ተበትነዋል። ከክቡ ሥር የመስመር ቁጥሮች ተደርድረዋል፤ ከመቶ አርባ መስመር ስልሳ ሁለቱ። በላያቸው አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አለ።

«ምን ይላል?»

ሥራ አስኪያጁ ነው የመለሰው።

«የተጠረጠሩ ይላል። ስማ እንጂ አንተ ሰውዬ፣ እውነት ግድግዳው ላይ ወጥተሃል? ወይስ ዛፍ ሥር ጋደም ብለህ ነው ቁጥር የፈለሰፍከው?»

«ወጥቻለሁ።»

«ታዲያ ድንጋዩ ነው የዞረው?»

«ማሽናችሁን ጠይቁት።»

«ጠየቅነው እኮ። ይኸው መለሰ።» ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። «እስከ ቅዳሜ የሆነውን ነገር አጣርተህ ታመጣለህ። ካላመጣህ ኮምፓሱን ታስረክብና ድሪል ላይ ትመለሳለህ። እዚያ ሰው ጎድሎናል።»

ድሪል ማለት ለእሱ ቃል ነው። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያንን ብረት ደረቴ ላይ ተደግፌ ድንጋይ በስቻለሁ። ዛሬም ጠዋት ጠዋት ስነሳ የቀኝ እጄን ጣቶች በግራ እጄ አንድ በአንድ ከፍቼ ነው ብርጭቆ የምይዘው። ሐኪሙ፣ «አንድ ዓመት ከጨመርክበት እስክሪብቶ አትይዝም» ብሎኛል። እስክሪብቶ መያዝ ለሌላ ሰው ቀላል ነገር ነው። እኔ የያዝኩት በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው።

ለምን እንደዘገየሁ ሳይሆን ለምን እንደጀመርኩ ልንገራችሁ። ያኔ አገር ቤት በአንድ ካባ ድሪል ላይ ነበርኩ። ድንጋይ ወርዶ የአንድ ባልደረባችንን እግር ሰበረ። በማግስቱ ወረቀት ይዘው መጡ። «አደጋ መድረሱን የሚገልጽ ነው፣ አሻራህን አድርግበት» አሉኝ። አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አሳረፍኩ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ግን ድንጋዩን ሳልደግፍ ትቼው የሄድኩት እኔ መሆኔን አምኛለሁ የሚል ነበር። ተባረርኩ። እግሩ የተሰበረው ሰው እስከ ዛሬ አያናግረኝም። በራሱ ዓይን አንብቦታላ! እሱ ማንበብ ይችል ነበር።

በዚያው ዓመት የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። ጉልበቴ የማይገባበት የሕፃናት ወንበር ላይ ተቀምጬ ሀ ሁ አልኩ። ቁጥር ቀለለኝ፤ ፊደል እስከ ዛሬ ያስቸግረኛል። ኋላ አንድ ሽማግሌ ቀያሽ ኮምፓስ አስተማረኝ። ከእሱ ትምህርት ውስጥ ግማሹ ጩኸት ነበር፤ «ብረት ይራቅ! ብረት አርቅ!» መዶሻዬን አሥር እርምጃ አርቄ አስቀምጣለሁ፤ ዘለበቱ ብረት ስለሆነ ቀበቶዬን እፈታለሁ። ከዚያ ወዲህ ያላነበብኩትን ወረቀት አልነካም፣ የእኔን ወረቀትም ሰው አይነካብኝም።

እንግዲህ ሰኞ ዕለት ከኮንቴይነሩ ስወጣ ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነበር። ማነው ቁጥሬን የነካው?

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ኢንጂነሯን ነው። ከደብተሬ ወደ ኮምፒውተር የምትገለብጠው እሷ ናት። ባለፈው ሳምንት ደግሞ በስልክ «ቦታ ከተገኘ እደውልልሃለሁ» ስትል ሰምቻለሁ። የማን ቦታ? እዚህ ካባ ውስጥ ያለ ኮምፓስ የሚይዝ ቦታ አንድ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ሄጄ፣ «ፋይሉን በወረቀት አውጪልኝ» አልኳት። «ስክሪፕቱንም።»

«ስክሪፕቱን ምን ያደርጉታል ጋሼ?»

«አነበዋለሁ።»

አልሳቀችም። ይህን ልመስክርላት። አትማ ሰጠችኝ። ከኮንቴይነሩ ጥላ ሥር ተቀምጬ ማስመሪያ ከመስመሩ በታች እያደረግሁ፣ አንድ የደብተር መስመር፣ አንድ የወረቀት መስመር፣ እያልኩ እስከ ምሳ ሰዓት አመሳከርኩ። መቶ አርባውም አንድ ነው። አንዲት ስህተት አጣሁ። ተናደድኩ። አንዲት ስህተት ብትኖር ያን ቀን እንደ እኔ ደስ የሚለው ሰው አይኖርም ነበር።

አንድ ነገር ግን አየሁ። ከተጠረጠሩት ውስጥ ከሰባ ሁለት በታች ያለ ቁጥር የለም። እስከ ሰባ አንድ ያለው ሁሉ ንጹህ ነው። ሰባ ሁለተኛው መስመር የስድስተኛው ቀን መጀመሪያ ነው።

ስክሪፕቱን ደግሞ ሦስት ገጽ እንግሊዝኛ ሆኖ አገኘሁት። ቃሉን አላውቀውም፤ ቁጥር ግን ቁጥር ነው። ሁለተኛው ገጽ መሃል ላይ ሃያ የሚል ቁጥር ብቻውን ቆሟል። ጣቴን አሳርፌበት ወሰድኩላት።

«ይሄ ሃያ ምንድን ነው?»

«ከየትኛውም ቤተሰብ ከሃያ ዲግሪ በላይ የራቀውን መስመር ጠርጥር ማለት ነው።»

«ሃያውን ማን ወሰነ?»

«እኔ።»

«ሠላሳ ብታደርጊውስ?»

«ጥቂቶቹ ይገቡልዎታል» አለች። «ግን ያኔ ውሸቱም አብሮ ይገባል።»

«ውሸት አልሽ?»

«ስህተት ማለቴ ነው።»

«ውሸት ነው ያልሽው።»

ፊቷ ቀላ። «ይቅርታ፣ ጋሼ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎት፤ ስድስተኛው ቀን ላይ ምን ተለወጠ?»

«ምንም።»

ይህ ውሸት ነበር። አንድ የተለወጠ ነገር አለ። አምስተኛው ቀን ማብቂያ ላይ ደብተሬ ላይ አንድ ሦስት ቁጥር ስምንት መስላ አገኘኋት። ላብ ይሁን እጅ ይሁን አላውቅም። እኔ ግን እጅ ነው አልኩ። በማግስቱ ጠዋት ጁባ፣ ማላኪያ ገበያ ሄጄ ደብተሬን ልክ የሚይዝ ጠፍጣፋ ሣጥን ገዛሁ፤ ቁልፍ ያለው። ቁልፉን በክር አንገቴ ላይ አሰርኩ። ሣጥኑን ራሱ በሸራ ሰፍቼ ሸፈንኩት፤ አንድም ከዝናብ፣ አንድም ቁልፉ ለሰው እንዳይታይ። ስትሠራ አብራህ የምትውል ሴት ፊት፣ «አንቺን ስለጠረጠርኩ ቁልፍ ገዛሁ» ይባላል? አይባልም።

ኢንጂነሯ ነጻ ከወጣች የቀረው ረዳቴ ነው። ደቡብ ሱዳናዊ ነው፤ በልጅነቱ ጦርነቱን ሸሽቶ ጋምቤላ አድጎ፣ አዲስ አበባ ተምሮ፣ ጎልምሶ ነው የተመለሰው። ቤተሰብ አለው። አማርኛው ከእኔ ይሻላል፣ አፉም ከእኔ ይረዝማል። ገመድ ይይዝልኛል፣ ከፍታው ላይ ዕቃ ያቀብለኛል፣ ስንወርድ ደብተሩን እሱ ይሸከማል። ያን የተቆለፈ ሣጥን ማለቴ ነው። ቁልፉ እኔ አንገት ላይ እያለ እንዴት ይነካዋል? አላውቅም። ግን ጠረጠርኩት። ሰው አንዴ መጠርጠር ከጀመረ ምክንያት አያጣም።

ረቡዕ ይዤው ወጣሁ። ዘጠና ቁጥር የተጻፈበትን ስንጥቅ ለካሁ። ኮምፓሱ ሁለት መቶ አሥራ አራት አለ። ደብተሩን ከፈትኩ፤ ሁለት መቶ አሥራ አራት። ዘጠና አንድን ለካሁ፤ እሱም ከደብተሩ ጋር አንድ ነው። ደሜ ሞቀ። ከላይ ሆኜ ጮህኩ፣ «ኢንጂነር! ነይ ድንጋዩን ራሱን ጠይቂው!»

ሄልሜቷን አድርጋ ወጣች። ዘጠና ላይ የራሷን ኮምፓስ ድንጋዩ ላይ ለጠፈች። «መቶ ሰማንያ ሰባት» አለች።

«ኮምፓስሽ ተበላሽቷል።»

«እንቀያየር።»

ተቀያየርን። በእሷ ኮምፓስ እኔ ስለካ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት። በእኔ ኮምፓስ እሷ ስትለካ መቶ ሰማንያ ስምንት። ረዳቴ ገመዱን እንደያዘ ሳቁን ለቀቀው።

«ኮምፓሱ ደህና ነው፣ ሽማግሌው! ድንጋዩ ነው አንተን ሲያይ ፊቱን የሚያዞረው። እኔም ብሆን አዞራለሁ!»

«ዝም በል።»

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ ዝም ብያለሁ። ድንጋዩም ዝም ብሏል። የምትናገረው አንተ ብቻ ነህ።»

ኢንጂነሯ ግን ሌላ ነገር ላይ ነበረች። «ማዘንበሉ ስንት አገኙ?»

«ስልሳ አራት።»

«እኔም ስልሳ አራት። አቅጣጫው ብቻ ነው የተለያየው። ስልሳ ሁለቱም መስመሮች ላይ እንደዚያ ነው፤ ማዘንበላቸው ልክ ነው። ቁጥር የሚፈለስፍ ሰው ሁለቱንም ነው የሚፈለስፈው።» ዞር ብላ አየችኝ። «አጠገብዎ ብረት የለም አይደል?»

«የለም። መዶሻው እዚያ ማዶ ነው። ቀበቶዬም እዚያው። እሱንም ሰዓቱን አስወልቄዋለሁ።»

ሣጥኑ ትዝ ሳይለኝ ቀርቶ አይደለም። ትዝ ብሎኛል። ድንጋዩ ሻካራ ስለሆነ ኮምፓሱን የማስቀምጠው በደብተሩ ላይ ነው። ድሮ በካርቶን ልባሱ ላይ ነበር፤ ሣጥኑን ከገዛሁ ወዲህ በሣጥኑ ክዳን ላይ። ግን ክብደቱ ቀላል ነው፣ አሉሚኒየም ነው፣ አሉሚኒየም ደግሞ ኮምፓስ አይነካም። ይህን ለራሴ ነገርኩና አፌን ዘጋሁ። ከከፈትኩ ስለ ቁልፉ ሊጠየቅ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት መታገሥ አልቻልኩም። ማዘንበሉን የምትለካው ኮምፓሱ ላይ ያለችው ውሃ ልክ ናት፤ በብረት አትታለልም። አቅጣጫውን የሚለካው መርፌው ነው። መርፌን የሚያዞር ነገር በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው የማውቀው፤ እሱንም ሽማግሌው ቀያሽ ጆሮዬ እስኪደነቁር ጮሆብኛል። ቦዳ የሚሉትን የኪራይ ሞተር ሳይክል ይዤ ማላኪያ ወረድኩ።

ነጋዴው የወሎ ሰው ነው፤ ማላኪያ ላይ ከበርሜል እስከ መርፌ ይሸጣል። ሣጥኑን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩና የሸራውን ስፌት ተረተርኩት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሣጥን ነው፣ ወንድሜ። ምነው፣ ቁልፉ እምቢ አለህ?»

«ከምን የተሠራ ነው?»

«እኔ ምኑን አውቄው? ከካምፓላ ነው የሚመጣው።»

«አሉሚኒየም ነው ብለህ ነው የሸጥክልኝ።»

«ወላሂ አላልኩም! አንተ ነህ ያልከው። አንስተህ መዘንክና ‹አሉሚኒየም ነው› አልክ፤ እኔም ዝም አልኩ። ደንበኛ አምኖ ሊገዛ ሲል አብሬው ልከራከር?»

ከጀርባው ካለው ክምር የተቀደደ ስፒከር አወጣ። ከኋላው ያለውን ማግኔት ወደ ሣጥኑ ክዳን አስጠጋ። ሳይደርስ ተስቦ ቀጭ ብሎ ተጣበቀ። ስፒከሩን ይዞ ከፍ ሲያደርገው ሣጥኔ ተከትሎት ተነሳና በአየር ላይ ተንጠለጠለ።

«ሐዲድ» አለ በአረብኛ፣ ለጎረቤቱ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ብረት ነው። ስስ ቆርቆሮ ነው ቀለም የተቀባ። መልሰህ መሸጥ ትፈልጋለህ?»

ከኪሴ ኮምፓሱን አውጥቼ ክዳኑ ላይ አስቀመጥኩት። መርፌው ሰሜንን ትቶ ሄደ። ሣጥኑን ሩብ ያህል አዞርኩት፤ መርፌው ሌላ ቦታ ቆመ። እንደገና አዞርኩት። እንደገና ሌላ ቦታ።

መዶሻ አሥር እርምጃ አርቄ፣ ቀበቶ ፈትቼ፣ የሰው ሰዓት አስወልቄ፣ ኮምፓሱን ብረት ላይ አስቀምጬ ስድስት ቀን ለካሁ። ብረቱን ደግሞ ራሴ ነኝ ሄጄ የገዛሁት። ማንም እንዳያበላሽብኝ።

ከማላኪያ እስከ ጀበል ገበያ በቦዳው ላይ ያሰብኩትን ልናገር፤ ይህን ካልተናገርኩ ሌላው ምኑም አይረባም። ማንም አላወቀም። ሣጥኑ ከነጭ አባይ ድልድይ ላይ ቢወረወር ይሰምጣል። ከዚያ የሚቀረው ለአስኪያጁ የሚቀርብ ምክንያት ነው። ረዳቴ ድንጋይ መፈንቀያ ብረት ይዞ ነው የሚወጣው። «አጠገቤ እያቆመው ነበር፣ አላስተዋልኩም» ብል ማን ይከራከረኛል? ኢንጂነሯ ታምናለች። አስኪያጁ ደግሞ የአገሩን ልጅ ሳይሆን እሱን ነው የሚያባርረው። ይህን አንድ ሙሉ መንገድ አስቤዋለሁ። ቦዳው ሊያወርደኝ ሲቆም ነው የገባኝ፤ ያኔ በአሻራዬ ያስፈረሙኝን ወረቀት ልጽፍ ነበር። አሁን መጻፍ ስለምችል።

አርብ ጠዋት ሣጥኑን ኮንቴይነሩ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ኢንጂነሯ፣ አስኪያጁና ረዳቴ ነበሩ። ኮምፓሱን ክዳኑ ላይ አድርጌ ሣጥኑን አዞርኩ። ኢንጂነሯ ወዲያው ገባት፤ እጇን ግንባሯ ላይ አሳረፈች።

«ከስድስተኛው ቀን ጀምሮ?»

«ከስድስተኛው ቀን ጀምሮ።»

«ለዚያ ነው ከዚያ ወዲህ ከለኩት ስልሳ ዘጠኝ መስመር ሰባቱ ሳይጠረጠሩ የዳኑት» አለች ለራሷ ያህል። «ሣጥኑ መርፌውን ብዙ በማያዞርበት በኩል ሲውሉ ነው።» ከዚያ ቁልፉን አየች። «ቁልፍ ለምን አስፈለገው፣ ጋሼ?»

«ስለጠረጠርኩ።»

«ማንን?»

«ሁላችሁንም።»

ረዳቴ እየሳቀ ነበር። «እኔንም?»

«አንተን በተለይ።»

ሳቁ ቆመ። ሄልሜቱን አንስቶ ወጣ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አስኪያጁ ሣጥኑን በጣቱ መታ መታ አደረገው። «ስለዚህ ዋሾ አይደለህም፤ ሞኝ ነህ ማለት ነው።»

«እንደሱ ነው።»

«ይሻላል። ግን ቅዳሜ ብያለሁ፣ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ የጠራ ነገር እፈልጋለሁ።»

ኢንጂነሯን ጠየቅኋት፤ ኮምፒውተሩ የተሳሳተውን ያህል ቀንሶ ሊያስተካክለው አይችልም ወይ? ራሷን ነቀነቀች። ብረቱ የሚስበው እንደ ዞረበት አቅጣጫ ይለያያል፤ የሚቀነሰውን ማንም አያውቅም። የዳኑት ሰባቱም ቢሆኑ አይታመኑም። ስልሳ ዘጠኙም እንደገና ይለካሉ። ያልኩትን ታስታውሳላችሁ፣ ብቻዬን እየለካሁ ብቻዬን እየጻፍኩ መቶ አርባ መስመር አሥራ አንድ ቀን ፈጅቶብኛል። ቀሪው ሁለት ቀን ነው። አንዱ ሲለካ አንዱ ካልጻፈ አይደረስም። ኢንጂነሯ ከቢሮ ሥራዋ አትላቀቅም፤ በዚህ ካባ ውስጥ ደግሞ ከእሷና ከእኔ ሌላ ግድግዳው ላይ መውጣትም መጻፍም የሚችል አንድ ሰው ነው ያለው።

ረዳቴን ግድግዳው ሥር አገኘሁት፤ ገመድ ይጠቀልላል።

«ና እንውጣ።»

«ሂድና ሣጥንህን ይዘህ ውጣ።»

«ቁጥሩን የምትጽፈው አንተ ነህ። እኔ እጠራለሁ።»

ቀና አለ። «ደብተርህ ላይ? እኔ?»

«አዎ አንተ።»

«ሦስቱን ስምንት ባደርገውስ?»

ይህን ከየት አወቀ ብዬ ልጠረጥር ነበር። በኋላ ነገረኝ፤ ያን ቀን ላቤ ሦስቷ ላይ ሲንጠባጠብ አይቶ ነበር፤ ሊነግረኝ ሲል እኔ ተቆጥቼ ነጥቄዋለሁ። ያኔ ግን አላወቅሁም።

«ካደረግከው እኔ ድሪል ላይ ነኝ» አልኩት።

እጁን ዘረጋ። «ቁልፉን አምጣ መጀመሪያ።»

«ለምን?»

«አንተ ልታስረው የነበረው እኔን አይደል? አንገቴ ላይ ላድርገውና ይለፍልህ።»

ከአንገቴ አውጥቼ ሰጠሁት። ብረት መሆኑ ትዝ ብሎት መልሶ ከመዶሻው አጠገብ ወረወረው። ሣጥኑም እዚያው ቀረ፣ አሥር እርምጃ ማዶ፣ ከመዶሻው፣ ከቀበቶው፣ ከሰዓቱ ጋር።

ሁለቱን ቀን እንዲህ ሠራን። ኮምፓሱን በደብተሩ የድሮ የካርቶን ልባስ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ቁጥሩን እጠራለሁ፣ እሱ ደግሞ ጮክ ብሎ ይደግመዋል፣ ከዚያ በደብተሩ ባዶ ገጽ ላይ ይጽፈዋል። «መቶ ሰማንያ ሰባት፣ ስልሳ አራት!» «መቶ ሰማንያ ሰባት፣ ስልሳ አራት፣ ተጽፏል ሙዲር!» ሙዲር በጁባ አረብኛ አለቃ ማለት ነው፤ ሲለኝ ግን አለቃነቴን ማለቱ አይደለም። ሙቀቱ ድንጋዩን እንደ ምጣድ ሲያደርገው እንኳ አልቆምንም። ከመውረዳችን በፊት የጻፈውን ገጽ በሙሉ አነብባለሁ። ሳነብ አጠገቤ ቆሞ ያፏጫል፤ «አግኝተህ ንገረኝ፣ ካላገኘህ ምሳ ጋብዘኝ» ይላል። ሁለት ቀን ምሳ ጋበዝኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት ኢንጂነሯ አዲሱን ፋይል አስገባች። ሳልጠይቃት አትማ ሰጠችኝ። አመሳከርኩ፣ አስኪያጁ ሰዓቱን እያየ። ከዚያ ጥቁሩን መስኮት ከፈተችና ወንበሩን ለቀቀችልኝ።

«እርስዎ ይጻፉት።»

እያንዳንዷን ፊደል ፈልጌ ጻፍኩ። የስክሪፕቱ ስም፣ የፋይሉ ስም። አንዲት ነጥብ ረስቼ አልሠራም አለኝ፤ ጨመርኩ። ቁልፏን ተጫንኩ።

ሦስት ክምር ወጣ። የተደፋው ምስር ተለቅሞ ገባ። አንደኛው ቤተሰብ ወደ ክሬሸሩ እንደሚያዘነብል አሁን ግልጽ ሆኖ ይታያል፤ ስለዚህ በዚያ ወገን፣ በምሥራቅ በኩል አይፈነዳም። ከክቡ ሥር ያቺ ቃል አሁንም አለች፣ ከሥሯ ግን ሁለት መስመር ብቻ።

«ሁለት» አለ አስኪያጁ። «ካላስ፣ ይበቃል። ኮምፓሱ እጅህ ላይ ይቆይ።» ይቅርታ አላለም። አልጠበቅሁም።

«ሁለቱስ?» አልኩ።

«ሁለት ምንም አይደለም፣ ጋሼ» አለች ኢንጂነሯ።

ለእሷ ምንም አይደለም። ሰኞ ረዳቴን ይዤ ወጣሁ። ሁለቱን ስንጥቅ እኔ ለካሁ፣ እሱ ለካ፤ ከዚያ እሷንም አስወጥቼ አስለካኋት። ሦስታችንም ያው ቁጥር ነው ያገኘነው። ስንጥቆቹ እውነትም እንደዚያ ናቸው፤ ከማንም ቤተሰብ አይደሉም፣ ብቻቸውን ወደ ሌላ ወገን ያዘነብላሉ። ስክሪፕቱ እዚህ ላይ የጠረጠረው በከንቱ ነበር። ይህን ስነግራት ሳቀች። እኔም ሳልወድ ሳቅሁ።

ረዳቴ በሁለቱ መስመሮች ትይዩ፣ ባዶው ቦታ ላይ፣ በአማርኛ ጻፈ፤ «ሦስት ሰው ለክቷል። ድንጋዩ ራሱ ነው እንዲህ የሆነው።» ከዚያ ደብተሩን ከነእስክሪብቶው ወደ እኔ ገፋው፣ እንድፈርምበት።

ከመፈረሜ በፊት ሁለት ጊዜ አነበብኩት።